ከላስቲክ ወደ አንድ ክፍል፦ ለአምስት ሰው ቤት ዕቃ ያሟላንበት መንገድ

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ነጠላ ክፍል ነው። ስፋቱ 3 ሜትር በ4፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት። የሚገቡበት እናት፣ አባትና ሦስት ልጆች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ላስቲክ ወጥረው ጎዳና ላይ ያድሩ ነበር።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ እኛ የከፈልነው ቁጥር ነገ ለሚገዛ ሰው አይሠራም። የሚጠቅመው ድርሻው ነው። ከያዝነው ገንዘብ ከመቶ 45 ለመኝታ፣ 20 ለማብሰያና ለውሃ፣ 10 ለበርና ለጥገና፣ 10 ለመጓጓዣ አወጣን፤ 15ቱን ለአንድ ወር ሳንነካ አስቀመጥን። ለሶፋ፣ ለብፌ፣ ለቴሌቪዥን ማስቀመጫ አንድም ሳንቲም አልመደብንም። 12 ካሬ ሜትር ላይ አምስት ሰው ሲያድር መቀመጫው አልጋው ነው።

ከመግዛታችን በፊት እናቲቱን «ምን ይቅደም?» ብለን ጠየቅናት። አልጋ የምትል መስሎኝ ነበር። «ቁልፍ ያለው ሳጥን» አለች። ጎዳና ላይ መታወቂያ፣ የልጅ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሚቀመጠው ገላ ላይ ታስሮ ነው፤ ዝናብ ያበላሸዋል፣ በእንቅልፍ ሰዓት ይሰረቃል። እነዚህ ወረቀቶች ከሌሉ ደግሞ ወረዳም ትምህርት ቤትም ማስተናገድ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ከመርካቶ ሳጥን ተራ የቆርቆሮ ሳጥን ሆነ፤ ሁለተኛው ለበሩ ጓጉንቸር ከሦስት ቁልፍ ጋር። የበሩ ማጠፊያ የተያያዘበት እንጨት በስብሶ ስለነበር እሱንም አስለወጥን። ማጠፊያው ከተነቀለ የቁልፉ ጥራት ምንም አያደርግም።

አሁን ወደ አልጋው። ለልጆቹ ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ ለወላጆች ሜትር ከሃያ አሠራን። የተሠራ አልጋ ከመግዛት ብየዳ ቤት ማሠራት የሚሻለው መጠኑን ለክፍሉ ማስተካከል ስለሚቻል ነው። ግን ሠራተኛው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ለኩ፦ የበሩን ስፋት፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለውን ከፍታ፣ የግቢውን መግቢያ መታጠፊያ። እኛ የመጨረሻውን ሳንለካ ቀረን። አልጋው ሙሉ በሙሉ ተበይዶ መጣ፤ ከመንገዱ ወደ ግቢው የሚያስገባው ኮሪደር አላሳልፍ አለው። ተመልሶ ተቆረጠ፣ እንደገና ተበየደ፤ የአንድ ቀን ሥራና ተጨማሪ ክፍያ። ራስጌና ግርጌው ለብቻ፣ የጎን ብረቶቹ በቡሎን የሚታሰሩ ይሁኑ ብላችሁ ከመጀመሪያው ንገሩ። ለአንድ ማያያዣ ሁለት ቡሎን ያስፈልጋል፤ በአንድ ብቻ ከታሰረ ልጆቹ ሲወጡና ሲወርዱ ይወዛወዛል።

ለእግሮቹ 40 በ40 ሚሊሜትር አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት) አዘዝን። ከላይኛው ፍራሽ እስከ ኮርኒስ ቢያንስ 80 ሳንቲሜትር መተው አለበት፤ ካልሆነ ልጁ ቁጭ ማለት አይችልም። መከላከያው ብረት ደግሞ ከፍራሹ በላይ 25 ሳንቲሜትር ይውጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መከላከያውን ከአልጋው ወለል ይለካና ላዩ ላይ 20 ሳንቲሜትር ፍራሽ ሲደረግ ብረቱ ከፍራሹ በላይ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ይተርፋል። ላይኛው ላይ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ ይበቃል።

ለአልጋው ወለል ቺፕውድ አታስገቡ፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ከዚያ መሃሉ ይሰበራል። 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጣውላ፣ በየመሃሉ 5 ሳንቲሜትር ክፍተት እየተተወ ይደርደር። ክፍተቱ ፍራሹን ከሥር ያናፍሰዋል። አልጋውንም ከጭቃው ግድግዳ 5 ሳንቲሜትር አርቁት፤ በክረምት ግድግዳው እርጥበት ይስባል፣ የተጠጋው ፍራሽ ይሻግታል።

ሌላው ለትኋን ነው። የብረቱ አፍ ሁሉ በላሜራ ተበይዶ ይዘጋ። ክፍት ቱቦ ትኋን የሚራባበት ጉድጓድ ነው፤ አንዴ ከገባ የፈላ ውሃም አይደርስበትም። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ውጭ ይቆይ፤ ልጆች በሚተኙበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሽታው ከባድ ነው።

ያገለገለ ፍራሽ አንገዛም፣ በስጦታም አንቀበልም። ገንዘብ ካነሰ ቀጭን አዲስ ፍራሽ ይሻላል። ስፖንጁን በጡጫ ተጭናችሁ ስትለቁት ወዲያው ካልተመለሰ ተዉት። ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ሁለት ፍራሾች ከባዱን ምረጡ፤ ቀላሉ በጥቂት ወር መሃሉ ይሰረጉዳል። አንሶላና መጋረጃ ግን ከልባሽ ጨርቅ ገዝተናል። የገባው ሁሉ ቤት ከመድረሱ በፊት በርሜል ውስጥ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ስፌቱ በካውያ ተተኩሶ ነው። ትኋን ያለ ምግብ ወራት ስለሚቆይ «ዕቃው ተቀምጦ የከረመ ነው» የሚል ሻጭ ማስተማመኛ አይሆንም። ብርድ ልብስ ለአንድ አልጋ ሁለት አስቡ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ በአንድ አይመከትም።

በወላጆችና በልጆች መኝታ መካከል መጋረጃ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሽቦ ለመወጠር ግድግዳው ላይ ሚስማር መታን፤ ጭቃ ውስጥ የገባ ሚስማር ግን መጋረጃው ሲሳብ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። ፊሸርም (ግድግዳ ውስጥ የሚገባው የፕላስቲክ መያዣ) አይዝም። በጣት እያንኳኳችሁ ድፍን ድምፅ የሚሰጠውን ቋሚ እንጨት ካገኛችሁ ረጅም ሚስማር ይይዛል። ከዚህ የተሻለው፣ አልጋው ሲሠራ የአንዱን ጎን እግሮች እስከ 2 ሜትር ማስረዘምና መጋረጃውን እዚያ ላይ ማንጠልጠል ነው። ለሌላ ቤት ዕቃ ብናሟላ እንዲህ ነው የምናዝዘው።

እሳት ላይ በጣም ጥንቃቄ አድርጉ። ላስቲክ ውስጥ የኖረ ቤተሰብ ሲበርደው የከሰል ፍም ወደ ውስጥ ማስገባት ለምዷል። ላስቲክ በየቀዳዳው ንፋስ ያስገባል፤ በሩ የተዘጋ፣ ስንጥቁ የተደፈነ ቤት ግን አያስገባም። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛን ሰው ይገድላል። ስንጥቁን በጭቃና በጭድ ስንደፍን ከበሩ በላይ ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህል መተንፈሻ ሆን ብለን ተውን። ላቀች የሚባለውን የከሰል ምድጃ ገዝተን ቦታው ከበር ውጭ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር እንዲሆን ከእናትና ከአባት ጋር ተነጋገርን። ለሊቱ ብርድ ልብስ እንጂ ፍም እንደማያስፈልግ የምናሳምነው ብርድ ልብሱ በቂ ከሆነ ብቻ ነው፤ ሁለት ያልኩትም ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊሰጥ የፈለገ ሰው ነበር፤ አመስግነን መለስን። ቆጣሪው የግቢው የጋራ ነው። ምጣድ 3500 ዋት ቢወስድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይሆናል፤ በቴፕ የተቀጣጠለ ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል። ከጎረቤት ጋር የመብራት ሒሳብ ጭቅጭቅም ይከተላል። ባለ 1000 ዋት ነጠላ ምድጃ ለወጥና ለሻይ ይበቃል፤ እንጀራ ከጉልት ይገዛል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና ክዳን ያለው አንድ ባልዲ ያዝን። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ጄሪካን ስትገዙ የምግብ ዘይት የነበረበትን ምረጡ፤ ምን እንደያዘ የማይታወቅ በርሜል ለሚጠጣ ውሃ አይሆንም። ከዕቃው ሁለት ድስት፣ ትሪ፣ አምስት ሳህን፣ ጭልፋ፣ ቢላ፣ መክተፊያ፣ ሳፋ። ጀበናና ስድስት ሲኒም አለበት። አንዳንድ ሰው ይህን ትርፍ ነገር ይለዋል፤ አይደለም። አዲስ ገቢ ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ ነው የግቢው ሰው የምትሆነው፣ እድር የሚገባውም በዚያው መንገድ ነው።

መርካቶ በሥራ ቀን ማለዳ ሂዱ፤ ቅዳሜ ግፊያው ዕቃ አያስመርጥም። እናቲቱ ትምረጥ፣ እሷው ትከራከር። ጫኝና አውራጅ ከሆኑት ልጆች ጋር ዋጋውን ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ጨርሱ፤ መጫኛውንና ማውረጃውን ለየብቻ።

ያስቀመጥነው 15 ከመቶ ከወር በኋላ ወጣ። እኛ ጠረጴዛ ነበር ያሰብነው። እነሱ የጠየቁት ለትልቅዋ ልጅ ማጥኛ የሚሆን ባለ 9 ዋት አምፖል ከላይኛው አልጋ ራስጌ፣ ተጨማሪ ሳፋ፣ ለዝናብ ደግሞ የበሩን ደፍ በሲሚንቶ ሦስት ጣት ከፍ ማድረግ ነበር።