በቀይ ጃኬት ፕሮቮ

ዩታ ከገባሁ ገና ስምንት ወሬ ነበር። ሥራዬ ከሶልት ሌክ ሲቲ አየር ማረፊያ ሰው በቫን ማመላለስ ነው። የድርጅቱ የክረምት ጃኬት ቀይ ነው። ብርድ እስከከለከለልኝ ድረስ ሐምራዊ ቢሆንስ ምን ገዶኝ?

ኅዳር ላይ፣ አንድ አርብ ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሆነው የመጡ ቤተሰብ ጫንኩ። የሚኖሩት ቴክሳስ ነው፤ ዘራቸው ግን ከቶንጋ ደሴቶች ነው። ሁሉም ግዙፎች ናቸው። ልጁማ በቫኑ በር በጎኑ ነው የገባው። 17 ዓመቱ ነው ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፕሮቮ ከተማ ያለው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚህ ሁሉም ቢዋይዩ የሚለው፣ ለፉትቦል ቡድኑ ሊያስፈርመው ፈልጎ ጋብዞታል። ፉትቦል ስል በእጅ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው። የልጁንና የወላጆቹን ወጪ ዩኒቨርሲቲው ይችላል። አያት፣ አጎትና አክስቶች ግን በራሳቸው ኪስ ተከትለው መጥተዋል። ቫን የተከራዩትም ለዚሁ ነው።

አጎትየው ጃኬቴን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

"ወንድሜ፣ በዚህ ልብስ ነው ፕሮቮ የምታስገባን?"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ብቻ አልገባኝም። ለካ ቀይ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ቀለም ነው፣ የቢዋይዩ ደግሞ ሰማያዊ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ጨዋታውን "ቅዱስ ጦርነት" ይሉታል፤ ቢዋይዩ የሞርሞን ቤተክርስቲያን (የዩታ ዋነኛ እምነት ነው) ትምህርት ቤት፣ ሌላው የመንግሥት ስለሆነ። ነገሩ ግን እንደ ስሙ አይደለም። ቀዮቹን ለብዙ ዓመት ያሠለጠነው ካይል ዊቲንግሃም ራሱ ሞርሞን ነው፤ ያውም በተማሪነቱ ለቢዋይዩ የተጫወተ። (እነሱ ራሳቸው ከ2018 ወዲህ "ሞርሞን" ባንባል ይሻላል ይላሉ። የቤተክርስቲያኑ ሙሉ ስም ግን በጣም ረጅም ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።)

እኔ ደግሞ የቡና ደጋፊ ነኝ። የጊዮርጊስን ማሊያ ለብሶ ቡናዎች መሃል መቀመጥ ምን እንደሆነ ይገባኛል። ጃኬቴን አውልቄ ከወንበሬ ኋላ ሰቀልኩት። "የማን ደጋፊ ነህ?" አለኝ አጎትየው። "የኢትዮጵያ ቡና" አልኩት። የሚጠጣው ቡና ነው ወይ አለኝ። አዎ፣ የሚጠጣው። ቫኑ በሳቅ ተናጋ። ሞርሞኖች ቡናም ሻይም አይጠጡም፤ አልኮልና ሲጋራማ አይነሳም። ከእግሬ ሥር ያለው ፔርሙስ ደግሞ ቫኑን በቡና ሽታ ሞልቶታል። አያትየው አፍንጫቸውን ይዘው፣ "ምስኪን፣ ቡድንህን እንኳ ልንደግፍልህ አንችልም" አሉኝ። እንዲህ ተላምደን ነው በአይ-15 መንገድ ወደ ደቡብ የተጓዝነው።

አጎትየው የ1984ን ወሬ አመጣ። ቢዋይዩ በዚያ ዓመት 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። የመጨረሻውን ሚሺጋንን 24 ለ 17 ረታና የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ። ትናንት የሆነ ያህል ነበር የሚያወራው። ከዚያ ስለ አሠልጣኙ ስለ ካላኒ ሲታኬ ሆነ። ሲታኬ ቶንጋ የተወለደ ነው፤ ሚሽን፣ ማለትም የስብከት ጉዞ፣ ሄዶ ተመልሶ ለዚሁ ቡድን ተጫውቷል። እኔም ጨዋታው ውስጥ መግባት አማረኝ። በመስታወቱ ልጁን አየሁትና፣ "ታዲያ መቼ ነው የምናይህ?" አልኩት።

"መጀመሪያ ሚሽን እሄዳለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ሁለት ዓመት።"

ሚሽን ማለት ያ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ስም ለጥፈው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በር እያንኳኩ የሚሰብኩት ነው። እኔ ሰፈር አንድ ልጅ ነበር። ታዳጊ ቡድን ውስጥ ስሙ የተጠራ አጥቂ። ታሞ ሁለት ዓመት ተኛ። ሲነሳ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ በኋላ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ አገኘሁት። ይሄ ልጅ በሕሊናዬ መጣ። አፌን መያዝ አቃተኝ።

"አይ ልጄ፣ በስፖርት ሁለት ዓመት ዕድሜ ልክ ነው" አልኩት። "ጉልበቱን እግዚአብሔር የሰጠህ ዛሬ ነው። ስብከቱ ይደርሳል። ሽማግሌም ይሰብካል።"

ቫኑ ጸጥ አለ። እኔ ዝምታውን እንደ መስማማት ቆጥሬው ጭራሽ ስለ ጉልበት ጉዳት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዕድል ቀጠልኩ። ፖይንት ኦፍ ዘ ማውንቴን የሚሉትን ዳገት አልፈን ፕሮቮ እስክንገባ፣ ተራራው ላይ የተሣለው ያ ግዙፍ ነጭ "ዋይ" እስኪታይ ድረስ፣ ከእኔ በቀር የተናገረ የለም። ሆቴሉ ጋ ስንደርስ እናትየው ጉርሻ ሰጡኝ። ፊቴን ግን አላዩኝም።

ማታ አለቃዬ ደወለ። እሱም የዚያ እምነት ሰው ነው፤ በ19 ዓመቱ ፔሩ ሄዶ ሁለት ዓመት ሰብኳል። አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"እናቱ ደውላ ነበር" አለ። "ልጁ ክፍሉ ገብቶ እራት አልበላም። ሌላ ኮሌጅ፣ ሚሽኑን ትተህ ብትመጣ ወዲያው ትጫወታለህ ብሎታል። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣው በዚህ ነው። አንተ ደግሞ ሄደህ ቁስሉ ላይ ጨው ነሰነስክበት።"

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። ስለማላውቀው ነገር ስንት ማይል እንዳወራሁ የገባኝ ያኔ ነው። የኮሌጅ ተጫዋች በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ሲዝን የመጫወት መብት አለው። ሚሽን ላይ ያሳለፈው ጊዜ ግን አይቆጠርበትም። ስለዚህ አሠልጣኞቹ ዛሬ የሚያስፈርሙት ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያሰልፉትን ልጅ ነው። በ2012 ወንዶች የሚሄዱበት ዕድሜ ከ19 ወደ 18 ሲወርድ ስሌቱ እንደገና ተቀየረ። ልጁ ከሲቷል፣ ጡንቻው ጠፍቷል፣ ግን 21 ሊሞላው ተቃርቦ ይመለሳል። አንዳንዱ ወዲያው ሚስት ያገባል። ተጋጣሚዎች ደግሞ "ከአባወራ ጋር አጋጠሙን" ብለው ያማርራሉ። ሚሽን ላይ ደመወዝ የለም። እንዲያውም የአሜሪካ ቤተሰብ በወር 500 ዶላር ይከፍላል። በፊት ልጁ ቤት የሚደውለው ለገና እና ለእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ነው በየሳምንቱ የተፈቀደው።

"ግዴታ ነው?" አልኩት።

"የድሮው የቢዋይዩ ኮከብ ስቲቭ ያንግ፣ ዩኒቨርሲቲው በስሙ የተጠራለት የብሪገም ያንግ ዘር ነው፣ ሚሽን ግን አልሄደም። ቢዋይዩ ግን ያከብረዋል። ምርጫ ነው። ምርጫ ስለሆነ እኮ ነው የከበደው። ሹፌር የሚጨመርበት ነገር አይደለም።"

ሌላ ሹፌር ልኬ ልተካህ ብል አያትየው እምቢ አሉ አለኝ። "ያ የቡናው ልጅ ይምጣ" ብለዋል።

ቅዳሜ ማታ ወደ ቢዋይዩ ጨዋታ ልወስዳቸው ጃኬቱን ቤት ትቼ በሹራብ ሄድኩ። በብርድ ልሞት ነበር። እናትየው ሲወጡ ጠብቄ፣ "ትናንት የማይመለከተኝን ተናገርኩ፤ ይቅርታ" አልኳቸው። "ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጁ ግን እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። መዳፌ እጁ ውስጥ ጠፋ።

ስታዲየሙ ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ከመኪና ማቆሚያው ሆኜ ጩኸቱ መስታወቱን ሲያንቀጠቅጠው ይሰማኛል። የገረመኝ ሲወጡ ነው። ያን ያህል ሕዝብ ሲወጣ አንድ የሚንገዳገድ ሰው አላየሁም። ቢራ አይሸጥም። ቤተሰብ ሕፃን አቅፎ ነው የሚወጣው። ስካራቸው ስኳር ነው። አያትየው እንደ ክንድ የረዘመ፣ የሜፕል ጣዕም ባለው ስኳር የተለበጠ ዶናት ይዘው መጡ። "ኩገር ቴል" ይባላል፤ የቡድኑ ምልክት የሆነው አውሬ ጭራ ማለት ነው።

"ለአንተ ነው" አሉኝ።

ወተትም እንቁላልም አለበት። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። እንዴት እምቢ ይባላል? ተርበተበትኩ። "ጾም ላይ ነኝ" አልኳቸው።

"እስከ መቼ?"

"እስከ ገና። የኛ ገና በጃንዋሪ 7 ነው።"

እኚህ ሴት ዓይናቸውን አፈጠጡ። እነሱ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ምግብም ውሃም ሳይቀምሱ ይጾማሉ፤ የቀረውን ምግብ ዋጋ ለድሆች ይሰጣሉ። በማግስቱ ያው እሁድ ነበር። ሁዳዴውን፣ የሐዋርያቱን፣ የፍልሰታውን፣ ረቡዕና አርቡን ስቆጥርላቸው ጣታቸው አለቀ።

"የዓመቱን ግማሽ ትጾማለህ፣ ለልጄ ሁለት ዓመት በዛበት?" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ልጁ ከኋላ ወንበር ሳቀ። በሁለቱ ቀን ውስጥ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ዶናቱን ቆርሶ ግማሹን ራሱ በላው። ሌላውን ግማሽ ለልጆቼ ወሰድኩት።

የት እንደፈረመ አላውቅም። ስሙን ጋዜጣ ላይ መፈለግ ነውር መሰለኝ። ግን አየር ማረፊያው ውስጥ የተሳፋሪ ስም የያዘ ወረቀት ይዤ ስቆም፣ አጠገቤ ባነርና ፊኛ ይዘው ከሚሽን የሚመለስ ልጅ የሚጠብቁ ቤተሰቦች አይጠፉም። ሱፉ ያለቀበት፣ ጫማው የተንሻፈፈ ወጣት ብቅ ሲል እናቱ ትሮጣለች። ትከሻው ሰፋ ያለ ከሆነ ወረቀቴን ዝቅ አድርጌ ፊቱን አያለሁ። ጃኬቴ አሁንም ያው ቀዩ ነው፤ ድርጅቱ አልቀየረውም።