«ባለሙያው የት ሄደ?»

ዛሬ ስልኬ ቻርጅ አልቀበል ብሎኝ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለች ትንሽ ጥገና ቤት ጎራ አልኩ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ባለሙያው የት ሄደ?» አልኳት። (ሴት ሆኜ፣ ያውም አፌን ሞልቼ!)

«እኔ ነኝ እህቴ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል።

በቴስተር ነካካችው። የቻርጀር መሰኪያውን ነቅላ በካውያ አዲስ ተከለችበት። እጇ ንቅንቅ አይልም። ኤሌክትሮኒክስ ስትማር ከክፍሉ ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ አለችኝ።

ለእህቴ ልጅ ሁሌ የምነግራት ስለ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነስተው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ስለሆኑት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ስላገኙት። ልጅቷ ግን «እሳቸው ሩቅ ናቸው» ትለኛለች። ቅዳሜ እዚህ ሱቅ አመጣታለሁ።

ሒሳብ ስጠይቅ፣ «ለጥገናው ወይስ ለጥያቄሽም ጭምር?» ብላ ሳቀችብኝ።