ከመንካት በፊት መገመት

ዛሬ ፔንዱለምን፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስን ነገር፣ ያስተማርኩት በብራውዘር በሚከፈት አጭር ሲሙሌሽን (ሙከራውን በስክሪን ላይ አስመስሎ በሚያሳይ ፕሮግራም) ነበር። ሥራው ራሱ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ልቤ ያረፈው ግን ከእሱ በፊት በነበረው ጸጥታ ላይ ነው፤ ሁሉም ማውሱን ለቆ ግምቱን ከነምክንያቱ በደብተሩ ሲጽፍ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ የተንጠለጠለው ነገር ከግማሽ ኪሎ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ቢያድግ፣ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ ባለበት ይቆያል?

አንዲት ተማሪ «ከባድ ነገር ቶሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቶሎ ይመለሳል» ብላ ጻፈች። ሁለቱ ፔንዱለሞች ጎን ለጎን እኩል ሲመላለሱ ስታይ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ «ገመዱንስ ባሳጥረው?» ብላ ጠየቀች። አንድ ሜትር የነበረውን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር አወረደችው። ጊዜው ከ2 ሰከንድ ወደ 1 ሰከንድ ገደማ ዝቅ አለ። ርዝመቱ ሩብ ሲሆን ጊዜው ለምን ግማሽ ብቻ ሆነ? ጊዜው ከርዝመቱ ካሬ ሥር ጋር እንደሚሄድ የሚያሳየውን ቀመር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ያኔ ነው፤ ለራሷ ጥያቄ መልስ ሆኖ መጣ። ግምቷን ባትጽፍ ኖሮ እኩል መመላለሳቸው ምንም የሚያስገርም ነገር ባልሆነባት ነበር ብዬ አምናለሁ።

የምጠቀምበት ፌት (PhET) የተባለ የሲሙሌሽኖች ስብስብ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ነው፤ መሥራቹ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ናቸው። እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በብራውዘር ያሠራ የነበረው ፍላሽ የተባለ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2020 ማብቂያ ድጋፉ ሲቋረጥ ብዙ ጥሩ የትምህርት ሥራዎች አብረውት ጠፍተዋል። የፌት ብዙዎቹ ሥራዎች ግን የዛሬ ብራውዘሮች በቀጥታ በሚያነቡት በኤችቲኤምኤል 5 እንደገና ስለተሠሩ በስልክም ይከፈታሉ፤ አስቀድሞ ላወረዳቸው ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል የሚለው አያሳምነኝም። ሁለት ሆነው ሲቀመጡ አንዱ ከመጫኑ በፊት ሌላውን ማሳመን አለበት፤ ትምህርቱም እዚያ ክርክር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደፈለጉ እንዲነካኩ ትንሽ ጊዜ እሰጣቸዋለሁ፤ ያን ደስታ መከልከል ልክ አይመስለኝም።

ክርና ድንጋይ ግን መቅረት የለባቸውም። ስክሪኑ ላይ ሰበቃ ዜሮ ይደረጋል፤ እውነተኛው ክር ግን ቀስ በቀስ ይቆማል፤ ልጆቹ ይህንንም በዓይናቸው ማየት አለባቸው። የስክሪኑ ትልቁ ጥቅም እጃችን የማይደርስበት ቦታ መውሰዱ ነው። ጨረቃ ላይ ያው የአንድ ሜትር ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ ወደ 5 ሰከንድ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ዝግታው አስደነቃቸው።

ነገ የኤሌክትሪክ ዑደት ነው። ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች በተከታታይ ሲገናኙ የትኛው ይበልጥ ይበራል? ብዙዎቹ «ለባትሪው የቀረበው» እንደሚሉ እገምታለሁ። አምፖሎቹን ከማብራታቸው በፊት ግምታቸውን በጽሑፍ እቀበላቸዋለሁ።