የጊቤ ገደል ጀንበር ስትጠልቅ

ባለፈው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሹፌሩን ለምኜ አስቆምኩት። ከአበልቲ ቁልቁል ወደ ጊቤ ወንዝ ሲወረድ፣ ማዶ የወልቂጤ በኩል ያለው ገደል ፊት ለፊት ይታያል። ፀሐይ ከኋላ ስለምትጠልቅ ያንን ድንጋይ መጀመሪያ ወርቃማ፣ ከዚያ በርበሬ ታስመስለዋለች። ሰው ሁሉ ፀሐይዋን ፎቶ ለማንሳት ይሮጣል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ድንጋዩን ነው የማነሳው።

ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ብርሃኑ ዝቅ ሲል እያንዳንዱ ስንጥቅ ጥላ ይዞ ይወጣል። ግን ጊዜ የለም! ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ያ ብቻ ሳይሆን የኛ በኩል ያለው ተራራ ጥላ ከወንዙ ተነስቶ ማዶውን ቀስ እያለ ይውጠዋል፣ ስለዚህ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቦታችሁን ያዙ።

የካሜራው አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ብርሃኑን ትንሽ ቀነስ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ኦቶ ላይ አትተዉት፤ ካሜራው ላስተካክል ብሎ ቅላቱን ያጠፋባችኋል። የፀሐይ ምልክቱ ላይ አድርጉት።

ትሪፖዴን፣ ባለሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ ቤት ረስቼ ነበር (እንደ ልማዴ)። እናቴ ለአክስቴ የላከችውን የቡና ከረጢት ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ካሜራውን አስደገፍኩት። ከትሪፖድ አይተናነስም።

ሹፌሩ ክላክስ ማድረግ ጀመረ። «ጋሼ፣ አንዲት ብቻ!» አልኩት። አስራ አንድ አነሳሁ፣ ሁለቱ ጥሩ ናቸው።