ቀለሙ እስኪደርቅ አትጠብቁ፣ ኑ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ!

ዘንድሮ የአዲስ ዓመት መልእክቴን የምጽፍላችሁ ከገዛ ቤታችን ሆኜ ነው። ቦሌ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ። ሳሎኑ አንድ እጅ ቀለም ተቀብቷል። መኝታ ቤቱ ገና ልስን ነው። ኩሽናው ሊሾ ብቻ ነው፤ ሴራሚኩ በካርቶን እንዳለ ጥግ ይዟል። የመታጠቢያ ቤቱ በር አልመጣም፣ ለጊዜው መጋረጃ ሰቅለናል። ከቡናው ዕጣን ጋር የስቱኮ ሽታ ይመጣል።

ግን ገብተናል። ተመስገን።

በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገባችሁ ያን ሰልፍ አትረሱትም። ያኔ አብረውን ተሰልፈው፣ አብረውን ቆጥበው፣ ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ ወዳጆች አሉን። ይህን ስጽፍ እነሱን እያሰብኩ ነው። የእናንተንም ቀን ቅርብ ያድርገው።

ኮንዶሚኒየም መረከብ ማለት ያለቀ ቤት መግባት እንዳልሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ ሲጀመር ጀምሮ ዋናው ሐሳብ ወጪን መቀነስ ነበር። ሕንፃው ቀለል ብሎ ይሠራል፤ የቀረውን የውስጥ ሥራ ባለቤቱ እንደ አቅሙ ይጨርሳል። ብዙ ሰው በዚህ ያማርራል። እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። በደመወዝ የሚኖር ሰው ቤት ሊኖረው የሚችለው እንዲህ ቀስ በቀስ ሲሆን ነው። አንዱን ወር መስኮት፣ ሌላውን ወር የእጅ መታጠቢያ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ተክለሃይማኖት ወርዳችሁ የቧንቧ ዕቃ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሁሉም እስኪሟላ ኪራይ እየከፈልን እንቆይ ወይስ እንግባ በሚለው ብዙ ተነጋገርን። እንግባ አልን።

በኪራይ ቤት ስንኖር ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት አይፈቀድልንም ነበር። እዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ሚስማር መምታት ሆነ። የአባቴን ፎቶ ሰቀልን። ግድግዳው ገና ሁለተኛ እጅ ቀለም ይጠብቃል፣ ፎቶው ይወርድና እንደገና ይሰቀላል። ምንም አይደል። እናቴ ስልክ ላይ አይታው አለቀሰች።

መኝታ ቤቱ ለምን ሳይቀባ እንደቀረ ልንገራችሁ፣ ቤት ለምትጨርሱ ይጠቅማችኋል። ሲሚንቶ መጀመሪያ ውሃ ይፈልጋል። መሐንዲሶች አርማታ ጉልበቱን እስኪያገኝ 28 ቀን የሚቆጥሩለት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ውሃ የሚጠጣው ለዚህ ነው። ቀለም ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ደረቅ ግድግዳ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ምንም ነገር አያደርቅም። የእኛ ቀለም ቀቢ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ቆየና «ይሄ ግድግዳ ላቡን አልጨረሰም» አለኝ። አሁን ከቀባነው ያብጣል፣ ይላጣል፣ ጨው ያወጣል። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲጠና እመለሳለሁ አለና ቆርቆሮውን ዘግቶ ሄደ። ለበዓል ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ቀብቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ መሄድ ይችል ነበር። ሥራውን የሚያከብር ሰው ማየት እንዴት ደስ ይላል።

ከእሱ ጋር የሠሩትንም ላንሳ። ልስኑን የለሰነው ልጅ የጋሞ ልጅ ነው። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ከወላይታ ነው የመጣው። የኤሌክትሪክ ሥራውን የያዘልን ጉራጌ ነው። መስከረም ሲገባ ሦስቱም ልባቸው አገር ቤት ነው። ጉራጌና ጋሞ መስቀል፣ ወላይታ ጊፋታ። ወላይታም ጉራጌም ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥብበት በዓል ነው። በዚህ ሰሞን በየብሎኩ የምሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ከመስቀል በፊት ጨርሱልን»። እንዲያው የሚያስቸኩለን ምንድን ነው? እነዚህ ልጆች ክረምቱን በሙሉ በሰው ቤት ውስጥ፣ በሲሚንቶ አቧራ ውስጥ ከርመዋል። ብዙዎቹ የሚያድሩት እዚያው በሚሠሩበት ቤት፣ ካርቶን አንጥፈው ነው። ሥራው ለጥቅምት ይቆይ። ልጆቹ ለበዓላቸው እቤታቸው ይግቡ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ የሠሩበትን ሒሳብ ከበዓሉ በፊት ስጧቸው። «ስትመለሱ እንተሳሰባለን» አትበሉ። እንዳይጠፉብኝ ብላችሁ የምትይዙት ገንዘብ የአንዲት እናት ቅቤ ነው፣ የአንድ ሕፃን የበዓል ልብስ ነው። የሠራ ሰው በዓልን ባዶ እጁን ሲያሳልፍ ከማየት፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ መክረም ይሻላል።

ወደ ጎረቤት ልሂድ። ብሎካችን ውስጥ ያለን ሰዎች በደረጃ ላይ እንተያያለን፣ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ በራችንን እንዘጋለን። ጠይቄ የማገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ፊኒሺንጉ ሲያልቅ እንጠራችኋለን»። ገመናችን እንዳይታይ ነው። ገና በስቱኮ የተለቀለቀ ሳሎን ውስጥ እንግዳ ማስቀመጥ ያሳፍረናል። ነገር ግን ፊኒሺንግ መቼ ያልቃል? ቀለሙ ሲያልቅ ኮርኒሱ ይመጣል፣ ኮርኒሱ ሲያልቅ የኩሽና ካቢኔት። ሁላችንም የሌላውን ቤት ሳናይ ዓመት ሊሞላን ነው።

ይህን የሰበረችልን አንዲት እናት ናት። ከፒያሳ በልማት ተነስተው የመጡ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ። የገባን ሰሞን ረከቦታቸውን ለልጅ አስይዘው ወጡ። «እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ» ብለው ሳሙን። ወንበር ስናፈላልግ እሳቸው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ የብሎኩን ሰው ሁሉ በስም ነገሩን። ማን እንዳረገዘች፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር። ፒያሳ ትተውት የመጡት ዕድር ዕድሜ ልካቸውን የከፈሉበት ነው፤ እሱን ሲያነሱ ድምፃቸው ይለወጣል። አሁን እዚህ አዲስ ዕድር እያቋቋሙ ነው። እኛም ተመዝግበናል። በኮሙናሉ፣ በጋራ መገልገያው ሕንፃ፣ የዘንድሮን በግ አብረን ልናርድ ተስማምተናል። እንደ እሳቸው ያሉ እናቶች ባይኖሩ እነዚህ ረጃጅም ብሎኮች ምን ይሆኑ ነበር?

በውጭ አገር ሆናችሁ የምታነቡኝ፣ በተለይ በዱባይ፣ በቤይሩት፣ በሪያድ ሰው ቤት ሠርታችሁ ለወላጆቻችሁ ቤት የምታሠሩ እህቶቼ፣ ለእናንተ የተለየ ቃል አለኝ። አዲሱን ቤት በቴሌግራም ፎቶ እንጂ በእግራችሁ ገብታችሁ አላያችሁትም። እናቶቻችሁ ብዙ ጊዜ «ልጄ ሳትመጣ አልገባበትም» ብለው ቆልፈውት አሮጌው ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ፍቅር ነው። ግን እባካችሁ ደውሉና «እማዬ፣ ግቢበት» በሏት። ወለሉ ሊሾ ቢሆንም፣ አጥሩ ባያልቅም ትግባ። የዘንድሮን ቄጠማ እዚያ ትጎዝጉዝ። እናንተ ስትመጡ ሞቅ ያለ ቤት ይቆያችኋል።

እኛም በዋዜማው ችቦአችንን ከጎረቤቶቻችን ጋር ግቢው ውስጥ እናበራለን። ጠዋት አበባየሆሽ የሚሉ ልጆች አራተኛ ፎቅ ድረስ እንደሚወጡ ቃል ገብተውልናል። ድፎው ይደፋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ወዳጆች ከቀትር በኋላ ኑ። ስጦታ አትያዙ፣ የምናስቀምጥበት ቁም ሳጥን እንኳን ገና የለንም። ሊፍት ስለሌለ ትልልቅ ሰዎችን ይዛችሁ የምትመጡ ታች ስትደርሱ ደውሉልኝ፣ ወርደን ደግፈን እናወጣለን። የአገር ልብስ የለበሳችሁ የደረጃውን ግድግዳ አትደገፉ፣ ኖራው ይለቃል። ቡናው እስከ ማታ አይነሳም።

መልካም አዲስ ዓመት!