መንኮራኩሯ ማርስ ላይ ከሞተች፦ ከኦክስጅን በፊት ምን ያልቃል?

መንኮራኩራቸው ተበላሽታ ማርስ ላይ ስለቀሩ ሰዎች ሲወራ ሁሉም የሚቆጥረው ኦክስጅን ነው። መርፌዋ ወደ ቀዩ ትወርዳለች፣ አንዱ "አሥር ሰዓት ቀርቶናል" ይላል፣ ሌላው ይጸልያል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ኦክስጅን ከሚያልቁት ነገሮች ወረፋ መጨረሻ አካባቢ ነው ያለው፤ የሞተችው መንኮራኩር ራሷ የኦክስጅን ጎተራ ናትና።

ናሳ ባወጣው ግምት አራት ጠፈርተኞችን ከማርስ መሬት ለማስነሳት ወደ 7 ቶን ነዳጅና 25 ቶን ኦክስጅን ያስፈልጋል። አንድ ሰው በቀን የሚጨርሰው ኦክስጅን 0.84 ኪሎ ነው። ለአራት ሰው 3.4 ኪሎ መሆኑ ነው። 25 ቶኑን ለዚህ ብታካፍሉት ከ20 ዓመት በላይ ይመጣል። ሞተሩ ቢሞት፣ እግሯ ቢሰበር፣ ታንከሩ ደህና ከሆነ ትንፋሽ አለ። አንድ ግን አለ፦ ይህ ኦክስጅን በ183 ዲግሪ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ፈሳሽ ነው። የማርስ አማካይ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለእሱ ምድጃ ማለት ነው። ማቀዝቀዣው መብራት ባጣ ቅጽበት መፍላት ይጀምራል፤ ግፊቱ ሲበዛ ማስተንፈሻ ቫልቩ ይከፈትና 20 ዓመቱ "ፉሽ" እያለ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ መንኮራኩሯ ሞተች ከተባለ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሞተር መፈተሽ ሳይሆን ከመጠለያው እስከ ታንከሩ ማቀዝቀዣ የኤሌክትሪክ ገመድ መዘርጋት ነው።

መንኮራኩሯን ምን ይገድላታል ለሚለው፣ ነፋስ አይደለም። የማርስ አየር ጥግግቱ ባሕር ወለል ላይ ካለው የመሬት አየር 2 ከመቶ እንኳ አይሞላም። በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሮጥ አውሎ ነፋስ እዚያ የሚገፋው እኛ ጋ 13 ኪሎሜትር እንደሚሄድ ነፋሻ ነው፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ያወዛውዛል፣ መንኮራኩር አይጥልም። የሚያሰጋው ስታርፍ ነው። የሞተሩ ጭስ መሬቱን ቆፍሮ ድንጋይ ወደ ላይ ይወረውራል። በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ሮቨር፣ ማለትም በጎማ የምትሄድ ሮቦት፣ ስታርፍ ጀርባዋ ላይ ጠጠር ተገኝቷል፤ ከነፋስ መለኪያዎቿ አንዱ የተበላሸውም በዚሁ ጠጠር እንደሆነ ይታመናል። ሮቨሯን ያወረደው ሞተር ደግሞ ሰው ከሚጭን መንኮራኩር ጋር ሲተያይ የልጅ መጫወቻ ነው።

ሌላው ትንሽ ነገር ነው፤ ብሬከር፣ ቫልቭ፣ ሽቦ። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ እያለች የመነሻ ሞተሩ ብሬከር ጫፉ ተሰብሮ ተገኘና ጠፈርተኛው በዝ ኦልድሪን በማርከር እስክሪብቶ ገፍቶ አስገባው። ያ ሞተር አንድ ብቻ ነበር፣ መጠባበቂያ የለውም። ግን መሐንዲሶቹ ፓምፕም ማቀጣጠያም አላደረጉበትም፤ ሁለቱ ፈሳሾች ሲነካኩ በራሳቸው የሚቀጣጠሉ ናቸው፣ የሚገፋቸውም ሂሊየም ነው። ሊበላሽ የሚችለው ነገር ጥቂት ስለሆነ ነው የታመነው። ለማርስ የሚታሰበው የሚቴንና የኦክስጅን ሞተር ግን ፓምፕ አለው፣ ማቀጣጠያ አለው፣ ብርድ የሚወድ ነዳጅ አለው። ጉልበቱ ጥሩ ነው፣ የሚያስጨንቀውም ብዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው። መጠለያችን 100 ሜትር ኩብ ይሁን፤ አምስት በስምንት የሆነ ሳሎን፣ ጣሪያው ሁለት ሜትር ተኩል። ግፊቱ 70 ኪሎፓስካል፣ ኦክስጅኑ 26.5 ከመቶ። ይህ ግፊት ከደብረ ብርሃን ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ አየር ነው፤ የአሜሪካ ስፔስ ሸትሎችም ከመንኮራኩር ውጭ ሥራ ሲኖር ወደዚሁ ይወርዱ ነበር። የጠፈር ልብስ ውስጥ ያለው ግፊት 30 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ከባሕር ወለል ግፊት በቀጥታ ወደ ልብሱ የገባ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላበታል፤ እንዳይሆን ሰዓታት ሙሉ ንጹሕ ኦክስጅን መተንፈስ አለበት። በ70 አንድ ቀን የቆየ ግን በ40 ደቂቃ ይወጣል። በቀን ሁለት ሦስቴ እየወጣ መንኮራኩር ለሚፈታ ሰው ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ጠፋ እንበል። ማጣሪያ የለም፣ ኦክስጅን አይገባም፣ አራት ሰው ተቀምጧል። ከ24 ሰዓት በኋላ የኦክስጅኑ ድርሻ ከ18.6 ኪሎፓስካል ወደ 16 ይወርዳል። 16 ማለት አዲስ አበባ ላይ አሁን የምንተነፍሰው ነው! ማንም አይሞትም፣ ማንም አያዛጋም። በዚያው 24 ሰዓት ግን አራቱ ሰዎች 4 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጥተዋል፤ ግፊቱ 2.2 ኪሎፓስካል፣ በሜርኩሪ 16.6 ሚሊሜትር ይሆናል። ራስ ምታት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ቁጥር መሳሳት የሚጀምረው እዚህ አካባቢ ነው። ቁጥር መሳሳቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቫልቭ በተቃራኒው የሚዞረው ያኔ ነው።

ወደ ጨረቃ የተላከችው አፖሎ 13 ይህንኑ ነው ያየችው። ሚያዝያ 1970 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከመሬት 320,000 ኪሎሜትር ገደማ ርቃ ሳለ የኦክስጅን ታንከሯ ፈነዳ። ምክንያቱ ለ28 ቮልት የተሠራ የተርሞስታት ማብሪያ መሬት ላይ በ65 ቮልት ተሠርቶበት ተጣብቆ መቅረቱ ነበር፤ ሙቀቱ የሽቦውን ልባስ አቃጥሎ በረራ ላይ ብልጭታ ፈጠረ። ሦስቱ ጠፈርተኞች፣ ላቭል፣ ስዊገርትና ሄይዝ፣ ወደ ጨረቃ ማረፊያዋ መንኮራኩር ተዛወሩ። እሷ የተሠራችው ለሁለት ሰው ለሁለት ቀን ያህል ነው። ኦክስጅን በቂ ነበራት። ያነሳት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጣሪያ ነበር። ዋናዋ መንኮራኩር ውስጥ ትርፍ ማጣሪያ ሞልቷል፣ ግን አራት ማዕዘን ነው፤ የማረፊያዋ ቀዳዳ ክብ ነው።

የሠሩትን በቅርበት ማየት ይጠቅማል፤ ዛሬም የሚሠራ ነው። አራት ማዕዘኑን ማጣሪያ በፕላስቲክ ከረጢት አለበሱት፣ ከጠፈር ልብስ የተነቀለ ቱቦ ወደ ከረጢቱ ከተቱ፣ ዙሪያውን በግራጫ ፕላስተር አሸጉ። ማራገቢያው አየሩን በቱቦው በኩል የሚስብ እንጂ የሚነፋ አይደለም። ስለዚህ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ተስቦ የማጣሪያውን አፍ ይዘጋል። ይህን ለመከላከል ከመመሪያ ደብተር የተቆረጠ ካርቶን እንደ ቅስት አጥፈው ከረጢቱ ሥር አስገቡ። ካርቶኑን የዘለለ ሰው አንድ ሰዓት ለፍቶ የማይሠራ ሳጥን ይይዛል። የእነሱ ግን ሠራ፤ መለኪያው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወረደ።

ማርስ ላይ ላሉት አራቱስ? ማጣሪያው ሊቲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው ዱቄት ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመያዝ በሂሳብ 1.1 ኪሎ ይበላል። ሁሉም ዱቄት ስለማይነካ ለአራት ሰው በቀን 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ያዙ፤ ለ100 ቀን ግማሽ ቶን። ሲሠራ ይሞቃል፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድም 0.4 ሊትር ውሃ ይተፋል። በቀን ሊትር ተኩል የሚያልፍ ውሃ ነውና ከመስኮቱ ላይ እየጠረጋችሁ አትድፉት። ዱቄቱ ሳንባና ዓይን ያቃጥላል፤ ማጣሪያውን ሰብሮ መሬት ላይ መበተን የሚያምር ሐሳብ ቢመስልም አይሞከርም። ማራገቢያ ከሌለ፣ የባሕር ሰርጓጅ ሠራተኞች እንደሚያደርጉት እንደ መጋረጃ የሚሰቀለውን ዓይነት ነው መያዝ የነበረባችሁ።

እየታደሰ የሚሠራ ማጣሪያ ከሆነ ደግሞ ማርስ አንዲት ተንኮል አላት። ሕዋ ላይ ማጣሪያውን ወደ ባዶው ስትከፍቱት የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ማርስ ላይ ግን ውጭ ያለው ራሱ 95 ከመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ግፊቱ ትንሽ ቢሆንም 4.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ማጣሪያው ሳይሞቅ ወይም በፓምፕ ሳይሳብ ከተከፈተ ሙሉ በሙሉ አይጸዳም፣ በየዙሩም አቅሙ ይወርዳል። ማሞቂያው የሚበላው ኤሌክትሪክ ከባትሪው ጋር አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ሁሉም ማጣሪያ ቢያልቅ የመጨረሻው ዘዴ ያው ታንከር ነው። መጠለያውን ወደ 34 ኪሎፓስካል ንጹሕ ኦክስጅን አውርዳችሁ ያለማቋረጥ ከአንድ ወገን እያስገባችሁ ከሌላው ማስወጣት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን 1 ኪሎፓስካል ላይ ለመያዝ በቀን 100 ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ይሄዳል። 20 ዓመቱ ወደ 250 ቀን ይወርዳል፤ አባካኝ ዘዴ ነው፣ ግን 250 ቀን ነው። እሳት ግን ክልክል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ውስጥ ጨርቅ እንደ ገለባ ነው የሚነደው። አየር ጨምቆ ኦክስጅን የሚያወጣ ማሽን ካለ ይበልጥ ይቀላል። ፐርሲቪራንስ ሮቨር ላይ የተጫነችው ሞክሲ ከ2021 እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርታ በድምሩ 122 ግራም ኦክስጅን ከማርስ አየር አውጥታለች፣ በ800 ዲግሪ ሙቀት። ተረፈ ምርቷ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ገዳይ ማለት ነው። የዚህ ማሽን ጭስ ማውጫ ከመጠለያው አየር መሳቢያ መራቅ አለበት።

ቀዳዳን በተመለከተ፦ አንድ ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ የዚህን መጠለያ አየር በአምስት ቀን በግማሽ ያጎድላል። ጣት የሚያስገባ፣ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ፣ በ75 ደቂቃ። የመጀመሪያውን ትፈልጉታላችሁ፣ ሁለተኛው ራሱ ያፏጫል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በ2020 ቀዳዳ የተፈለገው የሻይ ቅጠል ለቅቆ ወዴት እንደሚሄድ በካሜራ በማየት ነበር። ማርስ ላይ ስበት ስላለ ቅጠሉ ይወድቃል፤ ቀጭን የላስቲክ ቁራጭ በክር አንጠልጥሎ በግድግዳው ዙሪያ መዞር ይሻላል። (የእጣን ጭስ ሁሉንም ይበልጥ ነበር፣ ግን ከላይ ስለ እሳት ያልኩትን አስታውሱ።) መለጠፊያው ከውስጥ ይሁን፤ የውስጡ ግፊት ራሱ ግድግዳው ላይ ይጫነዋል። ከውጭ የለጠፈ ሰው ግን ግፊቱ ሲገነጥልበት ያድራል።

ውሃ ከአፈር በታች ካለ በረዶ ይገኛል፤ ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በ2008 በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ጥቂት ሴንቲሜትር ቆፍራ አግኝታዋለች። በዚያው አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨውም አግኝታለች፣ ግማሽ ከመቶ ያህል። ይህ ጨው ታይሮይድ አዮዲን እንዳያገኝ ይከለክላል፤ እንቅርት በምን እንደሚመጣ የምናውቅ ሰዎች ትርጉሙ ይገባናል። ማጣራት ብቻውን አያወጣውም። አፍልቶ እንፋሎቱን መያዝ ነው፤ ጨው ከድስቱ ይቀራል፣ እንዳይገነፍል ብቻ። በ70 ኪሎፓስካል ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ስንቅ ሂሳቡ ደረቅ ነው። ከመሬት ወደ ማርስ መነሳት የሚመቸው በየ26 ወሩ ነው። መንኮራኩሯ ይህ የመነሻ ጊዜ ገና እንዳለፈ ከተበላሸች 780 ቀን ጠብቆ፣ ለጉዞው 200 ቀን ጨምሮ፣ ለአራት ሰው 2.4 ቶን ደረቅ ምግብ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቀነስ እንጂ ግማሹ ሲያልቅ መደንገጥ አይረባም። በሶ የፈለሰፈው ሰው ስለ ክብደትና ማገዶ ያስብ ነበር፤ ሳይበስል የሚበላ ስንቅ እዚህም ኤሌክትሪክ ይቆጥባል።

መብራት ደግሞ በአቧራ ይሞታል። በ2018 ማርስን የሸፈነው አቧራ ኦፖርቹኒቲ የተባለችውን ሮቨር ሰኔ ላይ አፏን አዘጋት፣ ዳግም አልተናገረችም። ሶላር ፓኔል በደረቅ ጨርቅ አይፈተግም፣ ይጫራል፤ ለስላሳ ብሩሽ ነው። በ2021 ኢንሳይት የተባለችው መንኮራኩር ክንድ ብቻ ስለነበራት ከፓኔሉ አጠገብ አሸዋ ቀስ እያለች አፈሰሰች፤ ነፋሱ ሻካራውን አሸዋ በፓኔሉ ላይ ሲያንከባልለው ደቃቁን አቧራ ይዞት ሄደ፣ ኃይሏም ትንሽ ጨመረ። ሰማዩ ቀይ ሆኖ ሳምንታት ሲቆይ የሚጠፋው በተራ ነው፦ መጀመሪያ መብራትና ምግብ ማሞቂያ፣ ቀጥሎ ኦክስጅን የሚያመርተው ማሽን፣ ቀጥሎ የታንከሩ ማቀዝቀዣ በየጊዜው እያረፈ፣ ቀጥሎ የክፍሉ ሙቀት እስከሚቻል። የማጣሪያው ማራገቢያ አይነካም። ባትሪው ደክሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ መተኛት ካልቻሉ ሰዎቹ ጭንቅላታቸውን ወደ ማራገቢያው አፍ አድርገው ይተኛሉ፣ አንዱም ተረኛ ሆኖ መለኪያውን በየግማሽ ሰዓቱ ወረቀት ላይ ይጽፋል።