የማውቀውን ሁሉ ጽፌ የወደቅሁበት የሙያ ደህንነት ፈተና

በጥጥ ፈትል ፋብሪካ ያካበትሁትን የአምስት ዓመት የሴፍቲ ኦፊሰርነት (የሥራ ቦታ ደህንነት ተቆጣጣሪነት) ልምዴን ይዤ ለአንድ የግንባታ ፕሮጀክት ስወዳደር፣ ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ሰው ማስረጃዎቼን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ኔቦሽ የለህም?» ብሎ ጠየቀኝ። ኔቦሽ የሥራ ቦታ ደህንነት ማስረጃ ነው፤ ስሙን ባውቀውም ወደ ገልፍ አገሮች ለሚሄዱ ሰዎች ብቻ የሚያስፈልግ ወረቀት ይመስለኝ ነበር። በዚያ ላይ በአካባቢ ጤና ሙያ የተመረቅሁት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያ ቤት በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ከጤና መኮንኖችና ከኮሚኒቲ ነርሶች ጋር ሳኒቴሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ማሠልጠን የጀመረ በመሆኑ፣ ከዚህ በላይ ምን ያስተምሩኛል የሚል ኩራት ነበረኝ። ሥራውን አላገኘሁም፤ ኩራቴም እስከ መጀመሪያው ፈተናዬ ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

ከመመዝገቤ በፊት የትኛው ማስረጃ ለየትኛው ገበያ እንደሚሆን አጣራሁ። ብዙ ሰው የሚያነሣው የኦሻ፣ ማለትም የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የ30 ሰዓት ካርድ ሥልጠና መውሰድን የሚያሳይ ነው እንጂ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አይደለም። ሲኤስፒ የሚባለው የአሜሪካ የደህንነት ባለሙያነት ማረጋገጫ በአንጻሩ ዲግሪና የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ከባድ ደረጃ ነው። ኔቦሽ በ1979 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተቋቋመ ፈተና የሚሰጥ ቦርድ ሲሆን፣ ትምህርቱን የሚሰጡት እርሱ ዕውቅና የሰጣቸው ማሠልጠኛዎች ናቸው። ዓለም አቀፍ ጠቅላላ ሰርተፊኬት የሚባለውን መረጥሁ። ክፍያው በፓውንድ ስለነበር ዱባይ የምትሠራው እህቴ ከደመወዟ ከፈለችልኝ፤ ዕዳዋንም እስካሁን በሠርግም በልቅሶም ታነሣብኛለች።

ትምህርቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ስለ ደህንነት አመራር የሚጠይቅ፣ መጽሐፍ ገልጦ የሚሠራ የጽሑፍ ፈተና ሲሆን፣ ሁለተኛው በራስ የሥራ ቦታ የሚሠራ የአደጋ ስጋት ግምገማ ነው። መጽሐፍ ገልጦ የሚሠራ ሲባል እፎይ ብዬ ነበር፤ 24 ሰዓት ተሰጥቶኝ፣ ማስታወሻዬ ተዘርግቶልኝ እንዴት እወድቃለሁ? ሌሊቱን ሙሉ የማውቀውን ሁሉ ጻፍሁ፤ ትርጓሜውን፣ ዓይነቱን፣ ከዩኒቨርሲቲ ደብተሬ ያመጣሁትን ሳይቀር። ማለፊያው ከ100 45 ነው፤ እኔ 39 አመጣሁ።

አሠልጣኜ መልሴን ሳሳየው የተናገረው ነገር ያን ጊዜ አሳፍሮኝ ነበር። «ይሄን መልስ ፈተናውን ሳታነብም ልትጽፈው ትችል ነበር» አለኝ። ፈተናው በአንድ ምናባዊ ድርጅት ታሪክ ላይ የቆመ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ማሽን እንደተበላሸ፣ አዲሱ ሠራተኛ ማንን እንደጠየቀ ተጽፏል፤ እያንዳንዱ መልስም ከእነዚህ በአንዱ ላይ መታሰር አለበት። በድርጅቱ የደህንነት ባህል ደካማ መሆኑን አሳይ ከተባልሁ የደህንነት ባህል ምን እንደሆነ መተርጎሜ ነጥብ አያስገኝልኝም፤ ሱፐርቫይዘሩ ምርት እንዳይቆም ብሎ የማሽን ሽፋን ሲነሣ አይቶ ማለፉን ከታሪኩ ጠቅሼ፣ ይህ ለሠራተኛው ምን መልእክት እንደሚያስተላልፍ መጻፍ ነበረብኝ።

ይህ የፈተና ስልት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አበቃ ነበር። ነገር ግን ያው ስሕተት በሥራዬም ላይ ለዓመታት አብሮኝ እንደኖረ የገባኝ ስለ ጥጥ ብናኝ ሳነብ ነው። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣውን ባይሲኖሲስ የተባለ የሳንባ ሕመም በዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። የበሽታው ዋና ምልክት ከዕረፍት በኋላ ወደ ሥራ በሚመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ደረትን ጨምድዶ መያዙና ትንፋሽ ማሳጠሩ ነው። በፋብሪካችን የጥጥ መክፈቻና የካርዲንግ (የጥጥ ማበጠሪያ) ክፍል ሠራተኞች ደግሞ «ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል» ሲሉኝ፣ እኔ «እሑድ ብርድ መትቷችሁ ይሆናል» እያልሁ ወደ ክሊኒክ እልካቸው ነበር። በደብተሬ ላይ ያለው ቃልና ፊቴ ቆሞ የሚያስለው ሰው በአእምሮዬ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም።

ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም የተግባር ግምገማው፣ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ነው። ከአምስት የማያንሱ ርዕሶች የተውጣጡ ቢያንስ አሥር አደገኛ ነገሮችን በራስ የሥራ ቦታ ለይቶ፣ ማን እንዴት እንደሚጎዳ፣ አሁን ምን መከላከያ እንዳለ፣ ምን መጨመር እንዳለበት፣ በማን ኃላፊነትና እስከ መቼ እንደሚሠራ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያም ሦስት እርምጃዎችን መርጦ ለምን መቅደም እንዳለባቸው በሞራል፣ በሕግና በገንዘብ ምክንያት ማስረዳት ግዴታ ነው። ሕጉን በተመለከተ ትምህርቱ የሚደገፈው በዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት ላይ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው ስለሆነ የእንግዳ ሕግ አይደለም፤ ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ተጠቀምሁበት።

ከመረጥኋቸው አደጋዎች አንዱ የአየር ቱቦ ነበር። የፈትል ክፍል ሠራተኞች ሽፍት ሲያልቅ ማሽን የሚጸዳበትን የኮምፕሬሰር ቱቦ ወደ ልብሳቸውና ወደ ፀጉራቸው እያዞሩ ጥጡን ያራግፉበታል። የታመቀ አየር ዓይንን ሊጎዳ፣ በቁስል በኩል ወደ ሰውነት ሊገባ ይችላል፤ የሚነሣውን ብናኝም ባጠገብ ያለው ሁሉ ይስበዋል። ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ፣ አስጠንቅቄያለሁ፣ ሁለት ጊዜም በጽሑፍ እንዲቀጡ አድርጌያለሁ። ለግምገማው ግን «ለምን ያደርጉታል?» የሚለውን መመለስ ስለነበረብኝ፣ አንድ ቀን ሽፍት እስኪወጣ ድረስ ጥግ ይዤ ቆምሁ። ከእኔ ብዙ የሚበልጡ አንዲት እናት ቱቦውን ሲያነሡ «እትዬ፣ ይሄን ነገር እኮ ተው ብዬዎት ነበር» አልኋቸው። «ታዲያ ልጄ፣ ጥጥ ለብሼ ሰርቪስ ልግባ? ሰው አጠገቤ አይቀመጥም እኮ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን የዕቃ ማከማቻ ከሆነ ቆይቷል፤ የሚለብሱት ጋዋንም ሆነ የሚቦርሹበት ብሩሽ አልነበረም።

ያን ቀን ማታ የጻፍሁት ገጽ ከዚያ በፊት ከጻፍኋቸው ሪፖርቶች ሁሉ የተለየ ነበር። አደጋን ከምንጩ ማስወገድ፣ መተካት፣ በምሕንድስና መቆጣጠር፣ የአሠራር ሥርዓት ማበጀትና በመጨረሻ የግል መከላከያ መስጠት የሚለውን የቅደም ተከተል ትምህርት በቃሌ እየደገምሁ፣ በተግባር ግን ለአምስት ዓመት ከታችኛው ደረጃ ወጥቼ አላውቅም ነበር። የወር ሪፖርቴ የጓንትና የማስክ ቆጠራ ነበር፤ ማስክ ያላደረገው ሠራተኛ ጥፋተኛ፣ እኔ ደግሞ መዝጋቢ።

ጽሑፉን በድጋሚ ስፈተን መጀመሪያ ታሪኩን ሦስት ጊዜ አነበብሁ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ከታሪኩ የሚደግፉኝን መስመሮች በእርሳስ ዘረዘርሁ፣ መጻፍ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊቱን ተኛሁ፤ ይህንንም እንደ ምክር ቁጠሩት። በቴሌግራም «መልስ እንሠራላችኋለን» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ የተታለሉም አይቻለሁ። ከጽሑፉ በኋላ በቪዲዮ የሚደረግ ቃለ ምልልስ አለ፤ ይህን ለምን ጻፍህ፣ ከየት አመጣኸው ሲባል ያልሠራው ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። 61 አምጥቼ አለፍሁ፤ የተግባር ግምገማውም አለፈልኝ።

ሰርተፊኬቱ የሚያበቃበት ቀን የለውም፤ ይህም በሐቅ ሲታይ ጉድለቱ ነው። ሲኤስፒ የያዘ ሰው ማረጋገጫው እንዳይሰረዝበት በየአምስት ዓመቱ 25 ነጥብ የሚያስገኝ ትምህርትና የሙያ ሥራ ማሳየት አለበት፤ በአገራችንም የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ሲያሳድስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል። እኔን የሚጠይቀኝ ስለሌለ አንድ ደብተር ገዛሁ። በግራ ገጹ የተማርሁትን ከነቀኑ፣ በቀኝ ገጹ ፋብሪካው ውስጥ የት እንዳየሁት እጽፋለሁ። ለምሳሌ ስለ ድምፅ መለካት አጭር ኮርስ በወሰድሁ ጊዜ በግራ በኩል «ድምፅ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፤ በ85 ለ8 ሰዓት የተፈቀደው በ88 ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል» ብዬ ጻፍሁ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የትኞቹ የፈትል ማሽኖች አጠገብ ሰዎች ጆሮ ለጆሮ ተጠግተው እንደሚነጋገሩ። ቀኝ ገጹ ባዶ የቀረ ትምህርት ብዙ አለኝ፤ ከእነዚያም ውስጥ ሦስቱ ጥሩ ገንዘብ የከፈልሁባቸው ናቸው።

በግምገማው ካቀረብኋቸው ሦስት እርምጃዎች ጋዋንና ብሩሹ በወሩ ተገዙ፤ ጥጡን የሚስብ ቫክዩም ደግሞ በጥገና ክፍሉ ልጆች ብልኀት በአንደኛው መውጫ በር አጠገብ ተገጠመ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ግን እስካሁን ካርቶን ተከምሮበታል። በሪፖርቱ ላይ «የሚጠናቀቅበት ጊዜ» በሚለው ዓምድ የጻፍሁት ቀን ካለፈ ሰባተኛ ወሩን ይዟል፤ እኔም በየወሩ ስብሰባ ያንኑ ገጽ አትሜ እገባለሁ።